ስምንት ወር ከኦቢዲ መመርመሪያዬ ጋር፦ ቱርቦው አልሞተም ነበር

«ጋሼ፣ ቱርቦው አልቋል። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ይገኛል፤ ቶሎ ቢያስቀይሩት ይሻላል።» ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሁለት ጊዜ ነዳጅ ረግጦ፣ ጭሱን አይቶ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ በሚገፋው ቱርቦ ላይ የፈረደው ይህን ነበር። የጠራልኝን ዋጋ ስሰማ «እስቲ ላስብበት» ብዬ ወጣሁ። በሳምንቱ መርካቶ ገብቼ ከመሪው ሥር የሚሰካ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያክል፣ የመኪናዋ ኮምፒውተር የመዘገበውን ብልሽት አንብቦ ወደ ስልክ የሚልክ የብሉቱዝ ኦቢዲ መመርመሪያ ገዛሁ። ዋጋው ለአንድ ዘይት ቅያሪ ከማወጣው ያንሳል። ስምንት ወር ተጠቅሜበታለሁ፤ ቱርቦውም እስካሁን ያው የድሮው ነው።

መኪናዬ ባለ 2.5 ሊትር የናፍጣ ፒካፕ ናት። በ3ኛ ማርሽ፣ በደቂቃ 1,500 ዙር ላይ ሆና ነዳጅ ስረግጥ ትንሽ ትነሣና ትታፈናለች። ሁለት ሰከንድ ያህል አትጎትትም፤ ከዚያ በማርሚታው ጥቁር ጭስ ተፍታ እያዘገመች ትቀጥላለች። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለች ደህና ናት። ከሰዓት በኋላ ሞቃ ወደ እንጦጦ ስወጣ ግን አሮጌ ሚኒባስ እንኳ ጡሩምባ እየነፋ ያልፈኝ ነበር።

መመርመሪያውን ስሰካው ያወጣው ኮድ ፒ0299 ነው። ብዙ ሰው ይህን ኮድ ሲያይ «ቱርቦ» የሚለውን ቃል ብቻ ያነባል። ኮዱ የሚለው ግን የአየር ግፊቱ ኮምፒውተሩ ከጠበቀው በታች ሆነ ነው። ግፊቱን ያጠፋው የተቀደደ የአየር ማስተላለፊያ ጎማ ይሁን፣ የቫኪዩም ቱቦ ይሁን፣ በጥቀርሻ የተያዘ የቱርቦው ክንፍ ይሁን አይናገርም። እዚህ ላይ ቆሞ ዕቃ የሚገዛ ሰው አፍሶ መልቀሙ አይቀርም።

ከዚያ እኔም ተሳሳትኩ። ስልኬ ላይ የጫንኩት አፕ የሚያምር የቱርቦ ጌጅ አለው። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ቆሞ እየሠራ ጌጁ ከዜሮ በታች 24 ኪሎፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) አሳየኝ። የእኔ ናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር አየሩን በቢራቢሮ አያንቅም፤ በሚኒሞ ማኒፎልዱ (አየሩን ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ቱቦ) ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ጋር እኩል ገደማ መሆን አለበት። ሴንሰሩ ተበላሽቷል ብዬ አዲስ ልገዛ ስነሣ ነው ነገሩ የገባኝ። መኪናዬ የውጭውን አየር ግፊት ለአፑ አትነግረውም፤ አፑ ደግሞ ካልተነገረው የባሕር ጠለሉን 101 ኪሎፓስካል ይወስዳል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ላይ ተቀምጣ የአየሩ ግፊት 77 ገደማ ነው። 77 ሲቀነስ 101፣ ያው 24 ጎደሎ! ሴንሰሩ ጤነኛ ነው፤ አፑ እኔን ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆምኩ አድርጎ ነው የሚያስበው።

ጥቅምት ላይ ወደ ጎጃም ስሄድ አረጋገጥኩት። ጎሃ ጽዮን ላይ ሞተሩን አጥፍቼ ቁልፉን ብቻ ስከፍት 75 አነበበ። ዓባይ በረሃ ወርጄ ድልድዩ አጠገብ ስደግመው 89። ቁጥሩ ከከፍታው ጋር እኩል ከተንቀሳቀሰ ሴንሰሩ አይዋሽም። ከዚያ ወዲህ ያን ጌጅ ዘግቼ ጥሬውን የማኒፎልድ ግፊት ብቻ ነው የማየው፤ ሞተር ሳላስነሣ ያነበብኩትን ከላዩ እቀንሳለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ በዚያ ጌጅ ብቻ ተመርኩዞ «ቱርቦህ ደካማ ነው» የሚል ሰው ቢኖር 24 ኪሎፓስካል ያህል ባዳ ዕዳ እየጫነብህ ነው።

አፑ የሚያሳየውን ሁሉ አንድ ላይ መክፈትም አያዋጣም። አሥራ ሁለት መስመር ስከፍት እያንዳንዱ ቁጥር በሁለት ሰከንድ አንዴ ነበር የሚታደሰው፤ እኔ የምፈልገው ችግር ራሱ ሁለት ሰከንድ ነው። ወደ ሦስት አወረድኳቸው፦ ዙር፣ የማኒፎልድ ግፊትና የነዳጅ ሬይል (ናፍጣውን ለመርጫዎቹ የሚያከፋፍለው ቧንቧ) ግፊት። አጠገቤ ወንድሜን አስቀምጬ (እየነዱ ስልክ ማየት አይሞከርም) ሱሉልታ መንገድ ላይ ደጋግመን መዘገብን። የሬይሉ ግፊት ነዳጅ ስረግጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ አይወርድም፤ ስለዚህ የናፍጣ ፊልትሮው ነፃ ወጣ። የአየሩ ግፊት ግን 120 ደርሶ ወደ 112 ይመለሳል። ሲሞቅ ይብሳል።

ወጥቶ መመለሱ ነው ፍንጩ። ቱርቦው ባይሠራ መጀመሪያውኑም አይነሣም። ተነሥቶ የሚወድቅ ግፊት የሆነ ቦታ በር እየከፈተ ይወጣል ማለት ነው። ይህን ለጎረቤቴ፣ ዕድሜውን በኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ለጨረሰ ሽማግሌ ሹፌር ስነግረው ስልኬን ለማየት እንኳ አልፈለገም። «ልጄ፣ ጎማው የሚያልብበትን ቦታ ፈልግ» አለኝ።

ያለው ልክ ነበር። ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለር (የተጨመቀውን አየር ማቀዝቀዣ) በሚሄደው ወፍራም ጎማ ሥር፣ ማሰሪያው ፋሼታ አጠገብ፣ አቧራ የያዘ የዘይት ወዝ አለ። በሚኒሞ የሳሙና ውኃ ብንረጭበት ምንም አልፈላም፤ ያኔ በውስጡ ግፊት የለማ። ጎሚስታ ቤት ሄደን የቱርቦውን መግቢያ በክዳን ደፍነን፣ አሮጌ ከመነዳሪ ላይ በተቆረጠ ቫልቭ ከ1 ባር በታች አየር ስንሰጠው ግን ጎማው እንደ ከንፈር ተከፍቶ አረፋውን ተፋው። ጎማው ተቀየረ። በነጋታው የማኒፎልዱ ግፊት 190 ደረሰ፤ ጭሱም ጠፋ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ መመርመሪያውን አሞግሼ እዘጋ ነበር። ጥር ላይ መኪናዋ እንደገና መዘግየት ጀመረች። በዚህኛው ጊዜ ግፊቱ ያለምንም መውደቅ 190 ይደርሳል፤ ግን ዘግይቶ። ጎማው ከተቀየረ በኋላ በታኅሣሥ የያዝኩትን መዝገብና የጥር ወሩን ጎን ለጎን ሳያቸው የታኅሣሡ በአንድ ሰከንድ ተኩል የሚወጣውን የጥር ወሩ ሦስት ሰከንድ ይፈጅበታል። ልዩነቱን ያሳየኝ መሣሪያው ነው፤ ምክንያቱን ግን ሊያገኘው አይችልም፤ የቱርቦዬን ክንፎች የሚያንቀሳቅሰው ቫኪዩም ሴንሰር የለውምና። ሌላ መካኒክ በእጅ የቫኪዩም ፓምፕ ሲሞክረው ቫኪዩሙን የሚያደርሰው የእርሳስ ያህል ቀጭን ጎማ ደርቆ ተሰንጥቋል። አንድ ክንድ የማይሞላ ቱቦ ነው የተቀየረው። በእርግጥ በዚህ ከፍታ ከታች ዙር ላይ ትንሽ መዘግየት ምንጊዜም አለ፤ ስስ አየር የሚስብ ቱርቦ ለዚያው ግፊት የበለጠ መሽከርከር አለበት። የምትፈልገው መኪናህ ከራሷ ትናንት መለየቷን ነው።

ያማረሩኝ ነገሮች አሉ። ብሉቱዙ ልክ መጥፎው ዳገት ላይ ስንደርስ መቋረጥ ይወዳል። መሣሪያው ሁልጊዜ ከባትሪው ኤሌክትሪክ ይወስዳል፤ ሶኬቱ ቁልፉ ቢወጣም አይጠፋም። ለመስክ ሥራ ሁለት ሳምንት ወጥቼ ስመለስ መኪናዋ አልነሣ ብላ በጎረቤት ባትሪ ነው ያስነሣናት። ማብሪያና ማጥፊያ ያለው ዓይነት እንዳለ ያወቅሁት በኋላ ነው። ደግሞ የማኒፎልድ ግፊቱን በአንድ ባይት (ከ0 እስከ 255 ብቻ በሚቆጥር) የሚልክ መኪና ከ255 ኪሎፓስካል በላይ ማሳየት አይችልም፤ ለእኔ በቂ ነው፤ የቱርቦውን ግፊት ላስጨመረ ሰው ግን አይሆንም።

ድጋሚ ብገዛ ባለ ማጥፊያውን እገዛለሁ፤ ሌላ አልለውጥም። መኪናው ጤነኛ ሳለ አንድ መዝገብ መያዝ አይረሳ፤ የእኔ የታኅሣሡ ባይኖር የጥር ወሩን በምን አወዳድረው ነበር?