ዳገቱን በአባቴ ጉልበት ልክ ለለኩት አስጎብኚ የቀረበ ምስጋና

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የፖርቱጋልን ዋና ከተማ ሊዝበንን በእግር እየመሩ ያስጎበኙንን አንዲት ባለሙያ በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆቻቸውን ይዘው ወደዚያች ኮረብታማ ከተማ ለመሄድ ለሚያስቡ ወገኖቼ እርሳቸውን ለመጠቆም ነው። የሰው ስምና ስልክ ሳያስፈቅዱ በአደባባይ መበተን ተገቢ ስላልመሰለኝ እዚህ አላሰፈርሁትም። በውስጥ መልእክት ለሚጠይቀኝ ግን ራሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛለሁ።

እኔ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም ወላጆቼ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። አባቴ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ስለሆኑ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሟን ሲያነሱ የሰማኋትን ሊዝበንን ላሳያቸው ወሰንሁ፤ የከተማዋን አቀማመጥ ግን ከቁም ነገር አልቆጠርሁትም ነበር። ሊዝበን በሰባት ኮረብታ ላይ ተቆረቆረች ይባላል እንጂ፣ በእግሩ የዞረባት ሰው ኮረብታው ከዚያ እንደሚበዛ ሊምል ይችላል። አባቴ ቀኝ ጉልበታቸውን ከታመሙ ቆይተዋል፤ እናቴ ደግሞ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

የመጀመሪያውን ቀን ስሙን ከማልጠቅሰው ሌላ የጉብኝት ቡድን ጋር ወጣን። መሪው ጃንጥላውን ከፍ አድርጎ ከሃያ ከማያንሱ ሰዎች ፊት ይገሰግሳል፤ እኛ ደረጃውን ጨርሰን ስንደርስ ገለጻው አልቆ ቡድኑ ይነሣል። ሦስተኛው ቦታ ላይ አባቴ፣ «እናንተ ሂዱ፣ እኔ እዚህ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ እጠብቃችኋለሁ» አሉኝ። አባቴ የሰው ሸክም መሆናቸው ሲሰማቸው እንዲህ ነው የሚሉት። ጉብኝቱን አቋርጠን ሦስታችንም ወደ ማረፊያችን ተመለስን።

የዛሬዋን ተመስጋኝ ስልክ የሰጠኝ በዚያው ምሽት የሆቴሉ እንግዳ ተቀባይ ነው። መልእክት ስልክላቸው ከዋጋ አስቀድመው ጥያቄ ጠየቁኝ፤ ወላጆቼ ሳያርፉ ስንት ደረጃ ይወጣሉ? የሚከብዳቸው መውጣቱ ነው ወይስ መውረዱ? እኔም በችኮላ «ሁለቱም ዳገት አይችሉም» ብዬ መለስሁ። እርሳቸው ግን ጉልበት ለታመመ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚብሰው ቁልቁለቱ እንደሆነ ጽፈው፣ አባቴን ራሳቸውን እንድጠይቅላቸው ለመኑኝ። ጠየቅሁ። እውነትም አባቴ መውጣቱን ቀስ ብለው ይችሉታል፤ ሲወርዱ ግን ጉልበታቸውን እንደ ቢላዋ ይወጋቸዋል። ስንት ዓመት ሙሉ ደረጃ ላይ ክንዳቸውን ይዤ ስሄድ ይህን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም ነበር። እናም የወላጆቼ ችግር አንዱ የሌላው ተቃራኒ ሆኖ ተገኘ፤ እናቴን ወደ ላይ፣ አባቴን ወደ ታች በእግር መውሰድ አይቻልም ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሮሲዮ በሚባለው አደባባይ ተገናኘን። አደባባዩ በጥቁርና በነጭ ድንጋይ እንደ ባሕር ማዕበል የተነጠፈ ነው፤ የከተማዋ የእግረኛ መንገድም አብዛኛው እንዲሁ በትንንሽ ድንጋይ የተሠራና ከብዙ ሰው እግር የተነሣ የለሰለሰ ስለሆነ፣ ካፊያ ሲነካው እንደ ሳሙና ያዳልጣል። አስጎብኚያችን ሰላምታ ከሰጡን በኋላ መጀመሪያ ያዩት ከአዲስ አበባ የመጣውን የአባቴን ከዘራ ነበር። ጫፉ ባዶ ብረት ነው። አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ ጥግ ላይ ወዳለች አነስተኛ የቤት ዕቃ መሸጫ ወስደውን፣ ለከዘራው ጫፍ የሚሆን የጎማ ጫማ አስገዙ። ዋጋው ከአንድ ስኒ ቡና ብዙም አይበልጥም፤ አባቴ ግን እስከ ዛሬ ለጠያቂ ሁሉ ያንን ጎማ እያሳዩ ነው።

ከዚያ በፊት አባቴ የታሪክ መምህር እንደነበሩ ነግሬያቸው ነበርና ቀኑን ሙሉ «ፕሮፌሶር» እያሉ ይጠሯቸው ጀመር። አባቴ ደንግጠው እንዳርምላቸው አዘዙኝ፤ በፖርቱጋል ግን የአንደኛ ደረጃ አስተማሪም ቢሆን «ፕሮፌሶር» መባሉ የተለመደ መሆኑን ሲሰሙ ማዕረጉን በደስታ ተቀበሉ።

ከአደባባዩ አጠገብ ባለው የቅዱስ ዶሚንጎስ ቤተ ክርስቲያን ረዘም ላለ ጊዜ ቆየን። በ1959 በደረሰበት ቃጠሎ የተላጡት ዓምዶች ሳይለሰኑ እንደ ጠባሳ ቀርተዋል። (የፖርቱጋልን ታሪክ የሚመለከቱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እናቴ በሩ ላይ አማትበው ቆሙ፤ አስጎብኚያችንም እናቴ ጸሎታቸውን እስኪጨርሱ ድረስ አንድም ቃል አልተናገሩም። ከደጁ ላይ በ1506 በግፍ ለተገደሉት አይሁድ የቆመውን መታሰቢያ ሲያብራሩልንም የአገራቸውን በደል ለማለስለስ አልሞከሩም። እኔ ለእናቴ ወደ አማርኛ ስለምመልስ፣ አስጎብኚያችን ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ተናግረው ፊቴን እያዩ ይጠብቁኛል። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ አስተርጓሚ ሆኖ የሠራ ግን ዋጋውን ያውቀዋል።

እናቴ ነሐሴ 28 ቀን 2017 ዓ.ም በሊዝበን የደረሰውን አደጋ በቴሌቪዥን አይተው ስለነበር በውስጣቸው ፍርሃት ነበር። ግሎሪያ በሚባለው ዳገት ላይ በገመድ የሚሳበው የከተማዋ ተሽከርካሪ ገመዱ ተላቆ 16 ሰዎች ሞተዋል። አስጎብኚያችን ስለዚህ ሲናገሩ «አሴንሶር» የሚል ቃል አወጡ፤ እናቴም ትርጉሜን ሳይጠብቁ፣ «አሳንሰር ነው የምትለው? እኔ አልሳፈርም» አሉ። ቃላችን ከጣሊያንኛ የመጣ የእነርሱ ቃል ዘመድ መሆኑ ለጊዜው ቢያስቀንም፣ አስጎብኚያችን ፍርሃቱን «አይዞዎት» ብለው አላለፉትም። የደረሰውን ሳይደብቁ ነግረው፣ በዚያ ቀን የምንጠቀምበት ግን በሕንፃ ውስጥ ያለ ተራ አሳንሰር እንደሆነ አስረድተው፣ እናቴ በዓይናቸው ካላዩት እንደማንገባበት ቃል ገቡላቸው።

ሙያቸው የታየኝ ከዚህ በኋላ ነው። ባይሻ የሚባለው ሜዳማው የከተማው ክፍል ኅዳር 1 ቀን 1755 በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በባሕር ማዕበልና በእሳት ከወደመ በኋላ በቀጥታ መንገዶች እንደ አዲስ የተሠራ ነው። በየሕንፃው ግድግዳ ውስጥ ንውጥውጡን እንዲችል የእንጨት ፍርግርግ መግባቱን ሲሰሙ፣ አባቴ በመንገዱ መካከል ቆመው፣ «ማገር ማለት ነዋ!» አሉ፤ ማገርና ወጋግራ ምን እንደሆኑ አባቴ በከዘራቸው መሬት ላይ እየሣሉ አስተማሩ፤ አስጎብኚያችንም ደብተራቸውን አውጥተው ጻፉ። ከዚያም ፋንኬይሮስ ከሚባለው መንገድ፣ ከውጭ ሲታይ ተራ ቤት ከሚመስል በር ገብተን፣ የከተማው አስተዳደር ለሕዝብ በነፃ ባዘጋጀው አሳንሰር ወጣን። ጥቂት ተራምደን፣ ቀድሞ ገበያ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ባለ ሁለተኛ አሳንሰር እንደገና ወጣን። እናቴ «አለቀ?» ሲሉ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ግንብ ግርጌ ደርሰን፣ የከተማው ቀይ ጣሪያ ሁሉ ከእግራችን ሥር ነበር። በቀደመው ቀን በላብ የሞከርነው ዳገት ይኸው ነበር። እነዚህ አሳንሰሮች አልፎ አልፎ እንደሚበላሹ ስለሚያውቁ፣ ጠዋት እኛን ከማግኘታቸው በፊት ሄደው መሥራታቸውን አረጋግጠው እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

ሳንታ ሉዚያ በሚባለው መመልከቻ ተቀምጠን አረፍን። በቤተ ክርስቲያኑ የውጭ ግድግዳ ላይ ባሉት ሰማያዊና ነጭ ሸክላዎች፣ በ1147 ግንቡ ከሙስሊሞች እጅ ሲወሰድና ከመሬት መንቀጥቀጡ በፊት የነበረው የወንዝ ዳር አደባባይ ተሥለዋል። ከታች የተዘረጋው አልፋማ የሚባለው ጥንታዊ ሠፈር ስሙ ከዐረብኛ እንደመጣና ትርጓሜውም ፍል ውሃ እንደሆነ ሲነገረን ሦስታችንም ተያየን። እናቴ ተወልደው ያደጉት ፍልውሃ አካባቢ ነው። እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባን የመሠረቱት በፍል ውሃ ምክንያት መሆኑን አባቴ ለአስጎብኚያችን ሲተርኩ፣ ጎብኚውና አስጎብኚው ቦታ የተለዋወጡ መሰለኝ።

ዕለቱ ዓርብ ስለነበር እናቴ ይጾሙ ነበር። ይህንንም በዋዜማው ጠይቀው ነበርና ለቱሪስት ከተዘረጉት ውድ ምግብ ቤቶች አርቀው፣ ባለቤቷን ወደሚያውቋት ጠባብ ቤት ወሰዱን፤ በወይራ ዘይት የተሠራ ሽምብራና ጎመን ቀረበልን። «ሽሮ ባይሆንም ወንድሙ ነው» አሉ እናቴ። አንዲት እንከን ካወሳሁ፣ አስጎብኚያችን ነገሩ ሲጥማቸው ንግግራቸው ይፈጥናል፤ ስለ መሬት መንቀጥቀጡ ሲናገሩ ሁለት ጊዜ እንዲደግሙልኝ ጠይቄያለሁ።

ለአባቴ ጉልበት ሲባል የወረድነው በትራም ነው። ሁሉም የሚሻማበትን 28 ቁጥር ትተን፣ በ12 ቁጥር ከላይ እስከ ባይሻ ተቀምጠን ደረስን፤ ከዚያም በሜዳው ወደ ወንዙ ዳር አደባባይ ተራመድን። የፖርቱጋል ነገሥታት ቤተ መንግሥት እስከ 1755 የቆመው በዚያ ነው። አባቴ ቀኑን ሙሉ የያዙትን ጥያቄ እዚያ አወጡት። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ የነበሩት ጸጋ ዘአብ በ1527 ወደዚህ ከተማ መጥተው፣ ከአሥር ዓመት በላይ በፖርቱጋል ሲቆዩ፣ ሥርዓታቸው ከካቶሊክ ስለተለየ ቁርባን ተከልክለው ነበር። ስለ እርሳቸው ምን የቀረ ነገር አለ? ብለው ጠየቁ። አስጎብኚያችን ጥቂት አሰቡና፣ «ፕሮፌሶር፣ ይህን ሰው አላውቃቸውም» አሉ። ብዙ አገር ስዞር ብዙ አስጎብኚ ሰምቻለሁ፤ አላውቅም ያለኝ ግን እርሳቸው ብቻ ናቸው።

ለሦስት ሰዓት የተስማማንበት ጉብኝት አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ተጠናቀቀ። ክፍያው በሰው ቁጥር ሳይሆን ለቤተሰቡ በአንድነት ነው፤ ለተጨማሪው ጊዜ ምንም አልጠየቁንም፤ ጉርሻውንም የተቀበሉት በስንት ልመና ነው።

በማግስቱ ማታ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀምጠን ሳለ መልእክታቸው ደረሰኝ። ሄደው አንብበዋል። ጸጋ ዘአብ ስለ ኢትዮጵያ ሃይማኖት በ1534 የጻፉትን ቃል ወደ ላቲን መልሶ በ1540 ያሳተመው ፖርቱጋላዊው ዳሚያዎ ደ ጎይስ፣ በኋላ ከ1548 ጀምሮ የንጉሡ ቤተ መዛግብት ኃላፊ ሆኖ ነበር። ቤተ መዛግብቱ ደግሞ በዚያ ዘመን የነበረው፣ ከግርጌው ባረፍንበት ግንብ ውስጥ፣ ከማማዎቹ በአንዱ ነው። «ትናንት ጣቴን ወደዚያ ቀስሬ ላሳይዎት ይገባኝ ነበር፤ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ» ይላል የመልእክቱ መጨረሻ። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ መልሱንም ቃል በቃል አስጻፉኝና ከታች «ፕሮፌሶር» ብላችሁ ፈርሙልኝ አሉ።

አድራሻቸውን ፈልጋችሁ ለምትጽፉልኝ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ፤ አስጎብኚያችን ስለ እግራችሁና ስለ ትንፋሻችሁ ሲጠይቋችሁ «ደኅና ነኝ» ብላችሁ አትለፉት። አባቴም በመጀመሪያ ያሉት እንዲሁ ነበር።