ለፒኮ እና ለፌምቶ ሴሎች የትኛው የኃይል ቁጥጥር ይመረጣል? ንጽጽር

ሰፊ አካባቢ የሚሸፍነውን ትልቁን የሞባይል ጣቢያ (ማክሮ) እና ፒኮና ፌምቶ የሚባሉትን ትንንሽ ሴሎች፣ ማለትም ጠባብ ቦታ የሚሸፍኑ አነስተኛ ጣቢያዎችን፣ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ደርቦ ለማሠራት መሣሪያ የሚገዛ ሁሉ በቅድሚያ የሚገጥመው የኃይል አለመመጣጠን ነው። በኤልቲኢ (በ4ጂ የሞባይል ኔትወርክ) ማክሮ ጣቢያ አብዛኛውን ጊዜ 46 ዲቢኤም (ዲቢኤም የሲግናል ኃይል መለኪያ ነው፤ 10 ዲቢ በጨመረ ቁጥር ኃይሉ አሥር እጥፍ ይሆናል)፣ ማለትም 40 ዋት ያህል፣ ሲያሰራጭ ፒኮ ሴል ወደ 30 ዲቢኤም (1 ዋት)፣ የቤት ውስጥ ፌምቶ ደግሞ ቢበዛ 20 ዲቢኤም (100 ሚሊዋት) ያወጣል።

ፌምቶው ደካማ ስለሆነ አይረብሽም ማለት ግን አይቻልም። ፌምቶው ካለበት ክፍል ውጭ በኮሪደር የቆመን ሰው እንውሰድ። የማክሮው ሲግናል በ−95 ዲቢኤም ይደርሰዋል፤ የፌምቶው ደግሞ በመንገዱ 80 ዲቢ ቢያጣም በ−60 ዲቢኤም ይደርሰዋል። ፌምቶው ለተመዘገቡ ስልኮች ብቻ የተፈቀደ ከሆነና የዚህ ሰው ስልክ ካልተመዘገበ፣ ረባሹ ሲግናል ከሚፈልገው ሲግናል በ35 ዲቢ ይበልጥበታል። የፌምቶውን ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ብናወርደው እንኳ ልዩነቱ 25 ዲቢ ስለሚሆን ግንኙነቱ አይድንም። በዚህ ምክንያት፣ ስለ ኃይል ቁጥጥር ዘዴው ከመጠየቁ በፊት፣ ሴሉ ለማንኛውም ስልክ ክፍት መሆን ይችል እንደሆነ ገዢው እንዲያረጋግጥ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከአራቱ የኃይል ቁጥጥር ዓይነቶች ቋሚ ኃይል ያለው መሣሪያ ለመትከል ከሁሉም ይቀላል፤ ቦታው በባለሙያ ተለክቶ ለማይነሳ ፒኮ ይበቃል። ተጠቃሚው ራሱ ለሚያስቀምጠውና እንደፈለገ ለሚያንቀሳቅሰው ፌምቶ ግን አልመርጠውም።

ራሱ እያዳመጠ ኃይሉን የሚያስተካክለው ዓይነት የማክሮውን ሲግናል ይለካና፣ ማክሮው ጠንክሮ በሚሰማበት ቦታ ኃይሉን ከፍ፣ ደክሞ በሚሰማበት ዝቅ ያደርጋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ጉድለቱ የሚለካው ሳጥኑ ባለበት ቦታ እንጂ ስልኩ ባለበት አለመሆኑ ነው። ሳጥኑ መስኮት በሌለው ውስጠኛ ክፍል ከተቀመጠ ማክሮውን ደካማ አድርጎ ስለሚሰማ ኃይሉን ያወርዳል፤ ማክሮው በርትቶ በሚገባበት በመስኮቱ አጠገብ ያለው ተጠቃሚም ሽፋን ያጣል። መስኮቱ ሥር ከተቀመጠ ደግሞ ኃይሉን ሳያስፈልግ ከፍ አድርጎ ወደ ውጭ ያፈስሳል።

ከስልኮች በሚመጣ ልኬት የሚታገዘው ዓይነት ይህን ጉድለት በእጅጉ ያርማል፤ ተጠቃሚዎች በየቤቱ ጥግ ሲንቀሳቀሱ ስልኮቻቸው የሚልኩትን ዘገባ ሰብስቦ ኃይሉን ቀስ በቀስ ያስተካክላል። ውጤቱ የሚታየው በቂ ዘገባ ከተጠራቀመ በኋላ ስለሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ያም ሆኖ ለቤትና ለቢሮ ምርጫዬ ይህ ነው።

አራተኛው ከማክሮው ጋር ተቀናጅቶ የሚሠራው ነው። ከ3ጂፒፒ (የሞባይል ኔትወርክ ደረጃዎችን የሚያወጣው ኅብረት) ሪሊዝ 10 ጀምሮ ማክሮው በተወሰኑ የ1 ሚሊሰከንድ ንዑስ ፍሬሞች (የማሰራጫ ጊዜ ክፍልፋዮች) ላይ ዳታ ከመላክ ይታቀባል ወይም ኃይሉን ይቀንሳል፤ ፒኮውም በዚያ ጊዜ በዳርቻው ያሉትን ስልኮች ያገለግላል። ስልኮች ጣቢያውን የሚለኩባቸው የማጣቀሻ ሲግናሎች ግን በእነዚህም ንዑስ ፍሬሞች ስለሚላኩ ረብሻው ፈጽሞ አይጠፋም። በተጨማሪም ሁለቱ ጣቢያዎች ሰዓታቸው የተገጣጠመ መሆን አለበት፤ ስለዚህ የጂፒኤስ መቀበያ ወይም ሰዓት በኔትወርክ የሚያደርስ መስመር ዋጋው ውስጥ መግባቱን ማየት ይገባል። ብዙ ፒኮ በሚተከልበት የተጨናነቀ አካባቢ ወጪው ተገቢ ነው፤ ለአንድ ቤት አይመከርም።

ሻጮች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ከስልክ ወደ ጣቢያ የሚሄደውን አቅጣጫ ነው። ከማክሮው ርቆ በፌምቶው አጠገብ ያለ ስልክ ማክሮው ዘንድ ለመድረስ እስከ 23 ዲቢኤም ከፍ ብሎ ሲልክ የፌምቶውን መቀበያ ያደነቁረዋል። በኤልቲኢ የስልኩ ኃይል የመንገድ ብክነትን (ሲግናሉ በመንገዱ የሚያጣውን ኃይል) በከፊል እንዲያካክስ ማድረግ ይቻላል፤ ማካካሻው 0.8 ላይ ከተቀመጠ ብክነቱ በ10 ዲቢ ሲጨምር ስልኩ 8 ዲቢ ብቻ ይጨምራል፣ በዳርቻ ያሉት ስልኮችም የሚያደርሱት ረብሻ ይቀንሳል። ማካካሻው በማክሮው በኩል የሚወሰን ስለሆነ፣ ከትንሹ ሴል ሻጭ የሚጠየቀው መቀበያው ብርቱ ሲግናል ሲመጣበት ትብነቱን በራሱ ዝቅ ማድረግ መቻሉን ነው።