ከልጄ ጋር ምሳ ለምትበላው ዳይቲሺያን፦ ምስጋና እና ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁም። ይህን የምጽፈው ልጄን አስፈቅጄ ነው። ከመለጠፌ በፊት አንብባው አንድ መስመር አስወጥታኛለች፣ የቀረውን "ጻፊው እማዬ" ብላኛለች።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ልጄ 17 ዓመቷ ነው። ከአኖሬክሲያ፣ ማለትም ሰው ውፍረትን ፈርቶ ራሱን ከምግብ ከሚከለክልበት ሕመም ጋር ስንታገል ዓመት ከመንፈቅ አለፈን። ዛሬ የማመሰግናት ሴት የሥነ ምግብ ባለሙያ ናት፣ እዚህ አገር ዳይቲሺያን የሚሏት።

አኖሬክሲያ ሲባል አጥንቷ የወጣ ልጅ ይታያችኋል። እኔም የማውቀው እሱን ነበር። ልጄ ግን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሞላ ያለች ናት፤ የአባቷ ወገን እንደዚያው ነው። መክሳት ስትጀምር ያላደነቃት ሰው የለም። ሠርግ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ክርስትና ቤት፣ "ውይ አምሮብሽ! ምን አድርገሽ ነው?" ለዓመታዊ ምርመራ የወሰድኳት ሐኪም እንኳ ሚዛኑን አይቶ "በርቺ" ብሏታል። ያኔ የወር አበባዋ ከቀረ አራት ወር አልፎታል። በሐምሌ ሙቀት ሹራብ ደርባ ትቀመጣለች። መታጠቢያ ቤት ወለሉ ላይ የፀጉሯን ጥቅል አነሳለሁ። እኔ ደግሞ የጉርምስና ነው እያልኩ አልፈዋለሁ።

የጉርሻው ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ማታ ትሪ ከበን ስንቀመጥ ልጄ ታጎርሳለች። አባቷን፣ ታናሽ ወንድሟን፣ እኔን፣ መልሳ አባቷን። እኛም "እደጊ፣ ተባረኪ" እያልን እንጎርሳለን። ከፊቷ ያለው እንጀራ ይጎድላል፣ ትሪው ይነሳል። እሷ አፍ የገባው ከሁለት ጉርሻ እንደማይበልጥ ያወቅኩት ትምህርት ቤት ተዝለፍልፋ ወድቃ ድንገተኛ ክፍል ከገባች በኋላ ነው። የልብ ምቷ በደቂቃ 44 ነበር። በእሷ ዕድሜ ላለ ልጅ ቀን ላይ ከ50 በታች መውረዱ ብቻውን ሆስፒታል ከሚያስተኙ ምልክቶች አንዱ ነው አሉኝ። ክብደቷ ግን ሰንጠረዡ ላይ "ጤናማ" የሚለው ቦታ ላይ ነበር! እንዲህ ያለው ኤቲፒካል አኖሬክሲያ ይባላል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው መመሪያ በስሙ ጠቅሶታል። ሰው ብዙ ቀንሶም ክብደቱ ጤናማ መስሎ የሚታይበት ረሃብ ነው፤ ልብንም አጥንትንም ሊጎዳ ይችላል።

ከሆስፒታል ስትወጣ ነው ዳይቲሺያኗን ያገኘናት። የመጀመሪያው ቀን ኪሎዋን አልጠየቀችም። "ቤታችሁ ውስጥ እንዴት ነው የምትበሉት?" አለችኝ። ስለ ትሪው፣ ስለ ጉርሻው ነገርኳት። ዝም ብላ ሰምታ "ጉርሻውን አትተዉት፤ ለጊዜው ግን የእሷ ለብቻ በሳህን ይቅረብ፣ የምታቀርቢውም አንቺ ሁኚ" አለችኝ። ልጄን ደግሞ "በሚቀጥለው ምሳሽን ይዘሽ ነይ፣ እኔም የእኔን እይዛለሁ" አለቻት።

ሽሮ በእንጀራ ቋጠርኩላት። ልጄ አንዱን ጥቅል እንጀራ ምስር ምስር እያከለች ስትቆራርጥ እኔ ጥግ ተቀምጬ እጄን እጨብጣለሁ። ሴትዮዋ የራሷን ሳንድዊች እየበላች ስለ ውሻዋ ታወራለች። ስለ ምግቡ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን "ከባድ እንደነበር አይቻለሁ። ማክሰኞ እንገናኝ" አለች። መኪና ውስጥ ገብተን ሁለታችንም አለቀስን።

አሠራሯን ልንገራችሁ፣ ብዙ ቤት ሊጠቅም ይችላል። ቀን ሦስት ዋና ምግብ፣ ሦስት መክሰስ፤ በመካከሉ ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት በላይ ክፍተት የለም። ልጄ "አልራበኝም" ስትል እውነቷን ነበር፤ የተራበ ሰውነት የረሃብ ምልክቱ ይዛባል፣ ጨጓራም ስለሚዘገይ ትንሽ በልቶ የጠገበ ይመስላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሐኪሟ ጋር እየተነጋገረች ፎስፈረስ የሚባለውን በደሟ ውስጥ ያለ ማዕድን በምርመራ ታስከታትል ነበር፣ ብዙ የተራበ ሰው መብላት ሲጀምር በድንገት ሊወርድ ስለሚችል። ሚዛን ላይ ስትወጣ ጀርባዋን ሰጥታ ነው፤ ቁጥሩ ለሐኪሙ ይሄዳል፣ ለእሷ አይነገራትም። የልጄን መዳንም የምትለካው በልቧ ምት፣ በወር አበባዋ፣ በእንቅልፏ፣ ከጓደኞቿ ጋር ፒዛ ለመብላት በመቻሏ ነው። ታካሚዋ ወፍራምም ቀጭንም ብትሆን "ክብደት ቀንሺ" የሚል ምክር ከአፏ አይወጣም። ባለቤቴ የሒሳብ ሰው ነውና "ታዲያ ቢ ኤም አይስ?" ብሎ ተከራከራት፣ ክብደትን ከቁመት ጋር የሚያመዛዝነውን መለኪያ ማለቱ ነው። ቀመሩን እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ያወጣው ኬትሌ የሚባል የቤልጂየም የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሰው እንደነበረ፣ የፈለገውም የሕዝብን አማካይ እንጂ የአንድን ልጅ ጤና እንዳልነበረ ነገረችው። ከዚያ ወዲህ አላነሳውም።

እኔን ደግሞ ሌላ ነገር ከጸጸት አወጣችኝ። ልጄ በዚያ ሰሞን ሌሊቱን የምግብ አሠራር ቪዲዮ ስታይ ታድርና ቅዳሜ ቅዳሜ ኬክ ትጋግርልን ነበር፣ ሳትቀምሰው። አታለለችኝ ብዬ ተቀይሜያለሁ። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለጥናት ተርበው እንደነበር ነገረችኝ። እነሱም ስለ ምግብ ብቻ ያስቡ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ ነበር። ረሃቡ ነው እንዲህ የሚያደርገው አለችኝ።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ፈራሁ፤ ልጄ "እጾማለሁ" ብላ ቆረጠች። ሴትዮዋ ፈረንጅ ናት፣ ሃይማኖታችንን ትነካለች ብዬ ነበር። እሷ ግን "የንስሐ አባታችሁን ላናግራቸው?" አለች። እኔ እያስተረጎምኩ በስልክ ተነጋገሩ። አባታችን ልጄን አስጠርተው "የታመመ ሰው መድኃኒቱን ይውሰድ። ያንቺ መድኃኒት ምግብሽ ነው፤ አንቺ በጸሎት ጹሚ" አሏት። ያን ዓመት ጭኮ በቅቤ እና እርጎ መክሰሷ ሆኑ። ዳይቲሺያኗ የጭኮን አሠራር ጠይቃኝ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ቤት ውስጥም ስለ ሰው ገላ አናወራም፣ ሕጉ ለሁላችንም ነው። የከበደኝ አዲስ አበባ ያሉት እናቴ ናቸው። በቪዲዮ ባይዋት ቁጥር "ከሳሽ፣ ወፈርሽ" ነው የፍቅር ሰላምታቸው። ስነግራቸው ደነገጡ፣ "ታዲያ ምን ልበላት ልጄ?" አሉኝ። "ናፈቅሽኝ በሏት" አልኳቸው። አሁን ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰማው እሱ ነው።

ልጄ ጨርሳ ድናለች አልልም። የፈተና ሰሞን ይመለስባታል፣ ሳህኗ ላይ ምግብ የምታስተርፍበት ቀን አለ። የልብ ምቷ ግን ተመልሷል፣ የወር አበባዋም እንዲሁ።

እንዲህ ያለ ነገር ቤታችሁ ካለ ዳይቲሺያን ስትፈልጉ "ሬጅስተርድ"፣ ማለትም በሙያው የተመዘገበች መሆኗን ጠይቁ፤ "ኑትሪሺኒስት" የሚለውን ስም ብዙ ስቴት ውስጥ ማንም ሊጠራበት ይችላል። በአመጋገብ ሕመም ላይ መሥራቷን፣ ከሐኪምና ከቴራፒስት (ከሥነ ልቦና ባለሙያ) ጋር አብራ መሥራቷን፣ ታካሚዋን ክብደት ቀንሺ ትል እንደሆነ ሳታፍሩ ጠይቁ። ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ለኢንሹራንሳችሁ ደውሉ። ልጁ ራሱን ከሳተ፣ ደረቱን ካመመው ወይም ልቡ ከዘገየ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ኪሎና ካሎሪ ያልጻፍኩት ይህን የሚያነብ የታመመ ልጅ ሊኖር ስለሚችል ነው፤ ያስተማረችኝ እሷ ናት። አስተያየት ስትሰጡም ቁጥር አትጻፉ፣ አደራ። ስሟንና የቢሮዋን ስልክ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። በቪዲዮም ትሠራለች፤ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ያለው ቀጠሮዋ ቶሎ ስለሚሞላ የጠዋቱን ጠይቁ።