ኦፕንኤስኤም የኢንፊኒባንድን የአስተዳደር ሥልጣን ምን ያህል ይጠብቃል?

ኦፕንኤስኤም ሰርቨሮችን በከፍተኛ ፍጥነት በሚያገናኘው የኢንፊኒባንድ መረብ ላይ ለየፖርቱ (ለየመገናኛ ነጥቡ) አድራሻ የሚያድል፣ መንገዶችን የሚያሰላና የስዊቾችን (የመልእክት አስተላላፊ መሣሪያዎችን) የመንገድ ሰንጠረዥ የሚሞላ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ይህን ሥራ በሚገባ ይወጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ያንኑ ሥልጣን በሰርቨሮቹ ላይ ከሚሠሩ ተራ ፕሮግራሞች ምን ያህል እንደሚጠብቅ ነው፤ ሥልጣኑ እጁ የገባ አንድ ፕሮግራም የሌሎችን ፖርት ሊዘጋ ወይም የመልእክቶችን መንገድ ሊያስቀይር ይችላልና።

ዋናው መከላከያ ኤም ኪ የሚባለው ባለ 64 ቢት የአስተዳደር ቁልፍ ነው። ሶፍትዌሩ እንደተጫነ ቁልፉ ዜሮ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ፖርቱ ትእዛዝ የሚሰጠውን ሁሉ ሳይጠይቅ ይቀበላል። ብዙ ባለሙያ ቁልፉን ከቀየረ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ሆኖም አብሮት ያለው የጥበቃ ደረጃ በዜሮ ከተተወ፣ የፖርቱን መረጃ ያነበበ ሁሉ ቁልፉን ራሱን ያገኘዋል። ቤት ቆልፎ ቁልፉን ደጃፍ ላይ መተው ማለት ነው። ደረጃ 1 ቁልፉን ይሰውራል፤ ደረጃ 2 ያለ ቁልፉ ማንበብንም ይከለክላል። የመረቡን ጤና የምንመረምርባቸው መሣሪያዎች ቁልፉ ካልተሰጣቸው ሥራቸው ቢስተጓጎልም፣ ብዙ ተጠቃሚ በሚጋራው መረብ ላይ 2ን እመርጣለሁ።

ቁልፉ በመረቡ ላይ ሳይመሰጠር ስለሚጓዝ ግን የመጀመሪያው አጥር በሰርቨሩ ውስጥ መታጠር አለበት፤ ይህን ደግሞ ኦፕንኤስኤም ሊሠራልን አይችልም። በሊኑክስ ላይ ተራ ፕሮግራም መረጃ ለመለዋወጥ የሚያስፈልገው ዩቨርብስ የተባለው የመሣሪያ ፋይል ሲሆን፣ የአስተዳደር መልእክት የሚያልፈው በዩማድ በኩል ነው። ለኮንቴይነር (ፕሮግራም ተከልሎ ለብቻው ለሚሠራበት ክፍል) ሁለቱን የያዘውን ፎልደር በሙሉ መስጠት የተለመደ ስህተት ነው። በሠራሁበት አንድ የስሌት ማዕከል ይህን ያረምነው፣ አንድ ተጠቃሚ የመላውን መረብ ካርታ ከኮንቴይነሩ ውስጥ አውጥቶ ካሳየን በኋላ ነበር። ዩማድ ለሩት (ሙሉ ሥልጣን ላለው የሰርቨሩ አስተዳዳሪ) ብቻ ይሁን፤ ለኮንቴይነሮች ዩቨርብስ ይበቃቸዋል።

መረቡን በፒ ኪ (ፖርቱ የየትኛው ክፍል አባል እንደሆነ በሚለይ ቁልፍ) የመከፋፈሉ አሠራር ግልጽና ቀላል ነው፤ የክፍፍል ፋይል ካልተዘጋጀ ግን ሁሉም ፖርቶች በአንድ ክፍል ሙሉ አባል ሆነው ይቀራሉ።

ኦፕንኤስኤምን ያለ ማመንታት እጠቀምበታለሁ፤ ይሁንና ጥበቃው ከመጀመሪያው ዝግ ሆኖ ቢመጣ በእጅጉ እመርጥ ነበር። ቁልፉን የምትቀይሩ ሁሉ በተጠባባቂው ሰርቨር ላይም አስቀምጡት፤ የቁልፉ የጊዜ ገደብ ዜሮ ከሆነ (ማለትም ገደብ ከሌለው) ጥበቃው በራሱ ስለማይነሳ፣ ዋናው ሰርቨር ሲወድቅ ቁልፉን የማያውቅ ተተኪ ፖርቶቹን ማዘዝ አይችልም።