የትንሽ መኪና ሞተር ድምጽ የሚያጎሉ ርካሽ ዕቃዎች፣ የቱ ገንዘብ ይገባዋል?

1000 ወይ 1300 ሲሲ የሆነች ትንሽ መኪና የምትነዱ ሰዎች ይሄ ለናንተ ነው። ሞተሯ ጤነኛ፣ ነዳጅ ቆጣቢ፣ ምንም የማታስቸግር ሆና ሳለ ነዳጅ ስትረግጡ ግን የልብስ ስፌት ማሽን ድምጽ ነው የምታሰማው፣ እኔን ደሞ ይሄ ነገር ከልብ ይከነክነኛል ምክንያቱም ለኔ የመንዳት ግማሹ መስማት ነው፣ ማርሽ መቼ እንደምቀይር የሚነግረኝ ጆሮዬ ነው እንጂ ዳሽቦርዱ አይደለም። ስለዚህ በርካሽ የሚሸጡትን ድምጽ ማጉያ ዕቃዎች እየገጠምኩ እየፈታሁ አይቻቸዋለሁ። ከአሁኑ ልናገርና አንደኛ የወጣው ግላስፓክ የሚባለው ቀጥ ያለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫው ድምጽ ማፈኛ) ነው፣ ዲፕራተር (የአየር ማጣሪያ) መቀየር ይከተላል፣ የቀረው ወይ ለዓይን ነው ወይ ጭራሽ ባይነካ የሚሻል ነው።

ስለ አሰራሩ ትንሽ ልበል፣ ይሄን ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ነው ሁሌ የሚከስረው። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ክራንኩ (ዋናው የሞተር ዘንግ) አንዴ በዞረ ቁጥር 2 ጊዜ ያቃጥላል፣ በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ስትሆኑ በሰከንድ 100 ቃጠሎ አለ ማለት ነው፣ ባለ 3 ሲሊንደሯ ደሞ 75። እያንዳንዱ ቃጠሎ በጭስ ማውጫው ውስጥ የግፊት ሞገድ ይልካል፣ ከኋላ የምንሰማው ድምጽ እሱ ነው። የፋብሪካው ማርሚታ ተቀዶ ብታዩት ውስጡ በላሜራ የተከፋፈሉ ክፍሎች ናቸው፣ በመሃል ቀዳዳ ቀዳዳ ያላቸው ቱቦዎች ያልፋሉ፣ ሞገዱ ግድግዳ እየመታ ሲመለስ ከሚመጣው ጋር ይጋጭና እርስ በርስ ይጠፋፋሉ፣ ጭሱ መንገዱን ይቀጥላል ድምጹ እዛው ይቀራል። ሀሳቡ በጣም የቆየ ነው፣ ሪቭስ የሚባሉ አሜሪካዊ ወንድማማቾች የማርሚታ ፓተንት ያወጡት በፈረንጆቹ 1897 ነው። ከማርሚታው በፊት ብዙ መኪና ላይ ሬዞኔተር የምትባል ትንሽ ጣሳ መሳይ ነገር አለች፣ እሷን አስታውሷት እመለስባታለሁ።

አሁን ወደ ግላስፓኩ። ዕቃው ራሱ በጣም ቀላል ነው፣ ለዛም ነው ርካሽ የሆነው። ገና ሳይገጠም አንስታችሁ በአንድ ጫፍ በኩል ብርሃን ላይ ብታዩት ወዲያ ማዶ ይታያል፣ ምንም የሚያግድ ነገር የለም፣ ዙሪያውን በጥቃቅን ቀዳዳ የተወጋ አንድ ቀጥ ያለ ቱቦ ነው፣ በላዩ ፋይበርግላስ ተጠቅልሎ ከውጭ በብረት ተሸፍኗል። ቀጫጭኑን ድምጽ ፋይበሩ ይውጠዋል፣ ወፍራሙ ያልፋል። ስለዚህ የሚጨምረው ጩኸት ብቻ አይደለም፣ ድምጹ ራሱ ይወፍራል፣ እኔ የወደድኩትም ይሄንን ነው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጡ) ስትቆሙ ትንሽ ከበድ ያለ ነገር ከመሰማቱ በስተቀር አጠገባችሁ የቆመ ሰው ዞር ብሎ አያያችሁም፣ ከ2500 ዙር በላይ ስትሄዱ ግን ይከፈታል፣ 2ኛ ማርሽ ላይ እያላችሁ ነዳጁን ስትለቁ ደሞ ከኋላ ጉርምርም እያለ ይወርዳል፣ ያቺን ድምጽ ለመስማት ብዬ ዳገት የምፈልግበት ጊዜ አለ።

ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። አንደኛ ርዝመቱ፣ ረጅሙ ለስለስ ያለና ወፍራም ድምጽ ይሰጣል፣ አጭሩ ይጮሃል ግን ድምጹ ሻካራ ነው፣ ከመኪናው ስር ያለው ቦታ እስከፈቀደ ድረስ ረጅሙን ውሰዱ። ሁለተኛ የውስጥ ቱቦው ስፋት፣ ከነበራችሁ ቱቦ ጋር እኩል ይሁን ወይ በጣም በትንሹ ይስፋ፣ የትንሽ መኪና ቱቦ ብዙ ጊዜ ከ38 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ነው። 63 ሚሊውን የሚገዛ ሰው አያለሁ፣ ሰፊ ሲሆን ጉልበት ይጨምራል የሚል እምነት አለ፣ ለዚች ሞተር ግን ቱቦው ሲሰፋ የጭሱ ፍጥነት ይወድቅና በዝቅተኛ ዙር ላይ ያላት ትንሽዬ ጉልበትም ትቀንሳለች። ጉልበት እንደማይጨምር እዚሁ እወቁት፣ እየገዛችሁ ያላችሁት ድምጽ ነው፣ ለድምጽ ደሞ በደንብ ይበቃል።

አገጣጠሙን መካኒኩ ቶሎ ብሎ በብየዳ ልጨርስላችሁ ሊላችሁ ይችላል። በክላምፕ (በቡሎን በሚጠብቅ ማሰሪያ) ይሁን በሉት። የድሮውን ማርሚታ አትጣሉት፣ ሲቆረጥም ተመልሶ መገጠም በሚችልበት ቦታ ይቆረጥ፣ ቴክኒክ ምርመራ ሲመጣ ወይ መኪናዋን ስትሸጡ ያስፈልጋችኋል።

ጉድለቱን አልደብቅም። ረጅም መንገድ ላይ ከ2000 እስከ 3000 ዙር መሀል አንድ ቦታ ላይ የማያቋርጥ ኡኡታ አለ፣ ካቢኑን ይሞላዋል፣ ሁለት ሰዓት ከቆያችሁበት ራስ ምታት ይዞ ይመጣል። ሬዞኔተሯ የምትጠቅመው እዚህ ነው፣ የተሰራችው እንዲህ አይነቱን አንድ የተወሰነ ድምጽ ለማጥፋት ስለሆነ እሷን ትታችሁ ማርሚታውን ብቻ ከቀየራችሁ ኡኡታው በጣም ይቀንሳል። ሁለቱንም አውጡልኝ የሚሉ ሰዎች አሉ፣ እኔ በጭራሽ አልመክርም። ሌላው ደሞ ፋይበሩ በሙቀት እየተቃጠለና እየተነፈሰ ያልቃል፣ ያኔ ድምጹ እንደ መጀመሪያው አይሆንም፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይላል። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ውስጡ የሚጠራቀመው ውሃ ሳይደርቅ ስለሚቀር ቶሎ ይዝጋል፣ ከቻላችሁ ስቴንለስ የሆነውን ፈልጉ። ከ10 8 ሰጥቼዋለሁ።

ዲፕራተሩን ወደ ኮን ፊልተር፣ ማለትም ቤት የሌለው ሾጣጣ ማጣሪያ፣ መቀየር ሁለተኛው ነው። የፋብሪካው የዲፕራተር ቤት አቧራ ለማጣራት ብቻ የተሰራ ይመስላችኋል፣ የአየር መሳቢያውን ድምጽ ማፈንም ስራው ነው። እሱን አውጥታችሁ ክፍቱን ፊልተር ስትገጥሙ ነዳጁን ጠለቅ አድርጋችሁ ስትረግጡ ከፊት በኩል የሚያጓራ ድምጽ ይመጣል፣ በቀስታ ስትነዱ ደሞ ምንም የለም፣ ጎረቤት አይረበሽም። ይሄ ጸባዩ ደስ ይላል። ነገር ግን ፊልተሩ ሞተር አጠገብ ሲቀመጥ የሚስበው የጋለ አየር ነው፣ የጋለ አየር ስስ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ጉልበት ይሰርቃል። ዘይት የሚቀባው አይነት ከሆነ ዘይቱ ሲበዛ የአየር መጠን የሚለካውን ሴንሰር ያበላሻል። በጣም ርካሾቹን ደሞ ከመግዛታችሁ በፊት ብርሃን ላይ ያዟቸው፣ በእጥፋቶቹ መሀል የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን ካያችሁ መልሱት፣ በዛች በኩል የሚገባው አቧራ ሲሊንደርና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ነው የሚበላው፣ ለድምጽ ብሎ ሞተር መጨረስ የለም። ከ10 6።

ምንም ሳትገዙ መሞከር ከፈለጋችሁ ደሞ ዲፕራተሩን ሳትነኩ ከቤቱ በፊት ያለችውን አየር የምትስበውን የፕላስቲክ አፍ ብቻ ፍቱ፣ ብዙ መኪና ላይ በአንድ ሁለት ቡሎን የተያዘች ናት። ፊልተሩ እንዳለ ነው፣ ድምጹ ግን ይለወጣል። ብዙ አትጠብቁ ግን ነጻ ነው። ዝናብ ሲበዛ ብቻ መልሷት፣ አፏ የምትቀመጠው ውሃ እንዳይገባ ታስቦ ነውና።

የቱርቦ ፉጨት የምትባለው ከጭስ ማውጫው ጫፍ ውስጥ የምትገባ አሉሚኒየም አለች። በትንሽ ቡሎን ግድግዳውን ተደግፋ ነው የምትቆመው፣ ጎኗ ላይ የተቀደደች መስመር አለች፣ ጭሱ በሷ ሲያልፍ ያፏጫል። የሞተሩ ድምጽ አይደለም፣ ቱርቦም አይመስልም። በንዝረት ቡሎኗ ስትላላ ደሞ ተወርውራ ትወጣለች፣ ከኋላችሁ ሞተር ሳይክል ነጂ ቢኖርስ? ከ10 1። ጫፉ ላይ የሚደረገው የሚያብረቀርቅ ኒኬል ለመልክ ያምራል፣ ድምጽ ላይ ግን ይሄ ነው የሚባል ለውጥ የለውም።

ማርሚታውን በትራፓኖ መብሳትን በተመለከተ ግልጽ ላድርግ፣ አታድርጉት። ርካሽ እንደሆነ አውቃለሁ፣ በደቂቃ ያልቃል። የሚወጣው ድምጽ ግን የተቀደደ ነው፣ ቀዳዳው ዙሪያ ዝገት ይጀምራል፣ ከሁሉም የሚብሰው ጭሱ በጫፉ በኩል መውጣቱን ትቶ ከወለሉ ስር ይወጣና በየክፍተቱ ወደ ካቢን ሊገባ ይችላል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደሞ ሽታ የለውም ቀለም የለውም፣ ከኋላ ልጆች ተኝተው ሊሆን ይችላል። ካታሊስት (ጭሱን የሚያጸዳው ዕቃ) ማውጣትም እንደዛው ነው። ውስጡ ያሉት ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ይሄንኑ መርዝ የሚቀይሩ ናቸው፣ ሲወጣ ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ቼክ ኢንጅን ይበራል፣ በብዙ አገርም በህግ ክልክል ነው። የምትቀይሩት ከካታሊስቱ በኋላ ያለውን ብቻ ይሁን።

ግላስፓኩን ካስገጠማችሁ በኋላ ከጋራዡ ሳትወጡ አንድ ነገር አስደርጉ፣ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እያለ ይነሳና የጭስ ማውጫውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ደፈን አድርጉት፣ መጋጠሚያው ጋ ፍስስ የሚል ነገር ከተሰማ ክላምፑ በደንብ አልጠበቀም። ብረቱ አንድ ሁለቴ ግሎ ከቀዘቀዘ በኋላም ይላላልና እንደገና አስጠብቁት፣ ማርሚታውን የሚያንጠለጥሉትን ጎማዎችም የተሰነጠቀ ካለ ያኔውኑ ቀይሩ፣ አለበለዚያ አዲሱ ቱቦ ወለሉን እየመታ ያንኳኳባችኋል። ባለ 3 ሲሊንደር ያላችሁ ደሞ አጭሩን አትግዙ፣ የናንተ ሞተር በተፈጥሮው ሻካራ ድምጽ ስላለው ቦታው የሚፈቅደውን ረጅሙን ነው የሚፈልገው፣ በሱ ሲሆን ግን የምታወጣው ጉርምርምታ ከባለ 4ቷ ይበልጥብኛል።