ባለ ጥቁር ዓይኗን ላተረፉልኝ አትክልተኛ

አርባ ምንጭ፣ በተለይ ሲቀላ አካባቢ ሆናችሁ ግቢያችሁን የሚያይላችሁ ሰው የምትፈልጉ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች። ሰውዬውን በሁለት መስመር አመስግኜ ማለፍ አልሆነልኝም።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ሲኒ ፍሬ ነው። ቤይሩት ሰባት ዓመት ስሠራ በየሳምንቱ የማበስላት ነገር ነበረች፤ እነሱ ሉቢያ ይሏታል። ነጣ ያለች፣ እምብርቷ ላይ ጥቁር ዓይን ያላት። አገር ከገባሁ በኋላ ገበያ ውስጥ አንዲት እናት ጆንያ ላይ ሳያት ድንግጥ አልኩ። "ምንድን ናት እማማ?" ስላቸው "ቦሎቄ ናት" አሉኝ። አጠገባቸው የተቀመጡት ደግሞ "ኧረ አደንጓሬ ናት!" ብለው ተነሱባቸው። ሁለቱ ሲከራከሩ እኔ አንድ ሲኒ አስለክቼ ሄድኩ። የግብርና ሰዎች ካውፒ ነው የሚሏት፤ መልካሳ ምርምር ማዕከል ቦሌ፣ አሰቦት የሚባሉ ዝርያዎች አውጥቶላታል። የእኔዋ ግን የገበያ ናትና ባለ ጥቁር ዓይኗ ብያት ቀረሁ።

ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ ዝናቡ ሲይዝ፣ ጓሮዬ ካለችው 4 በ6 ሜትር መሬት ላይ ዘራኋት። በሳምንቷ ብቅ አለች። እኔ ደግሞ ክፉ አመል አለብኝ፤ ያማረልኝን ነገር ካልነካካሁ አይሆንልኝም። አንድ የግብርና ግብዓት መሸጫ ገብቼ "ምን ልጨምርላት?" ብል ልጁ ሳይጠይቀኝ ዩሪያ መዘነልኝ። ከአጥሩ ጥግ ካለው መስመር በቀር ሁሉም ላይ በተንኩት። ዝናቡ ሲቀር ደግሞ በየሁለት ቀኑ አጠጣሁ። በሰባተኛው ሳምንት ሐረጉ አጥር ላይ ወጥቷል፣ ቅጠሉ ጉልበቴን አልፏል፣ አበባ የሚባል ግን የለም። መንገደኛ ቆሞ "እንዴት ያምራል!" ይለኛል፤ እኔ እበሳጫለሁ።

"እኔ ጋ የሚሠሩ አንድ የኮንሶ ሰው አሉ፣ ልላክልሽ" ያለችኝ ጎረቤቴ ናት። በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት በሩ ተንኳኳ። ስድሳ ዓመት የተጠጉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ ያደረጉ ሰው። ዶማውን አጥሩ ላይ አስደገፉት፤ ያን ቀን አልተነካም።

መጀመሪያ ቅጠሉን በሁለት ጣታቸው አሹት። "ቦሎቄ ነው ያሉሽ?" አሉኝ። ከዚያ በአጥሩ ቀዳዳ እጃቸውን ሰደው ከጎረቤቴ ቦሎቄ አንድ ቅጠል ቀጠፉና ሹራቤ ላይ ለጠፉት። ተጣብቆ ቀረ። የእኔውን ለጠፉት፤ ወደቀ። "ቦሎቄ ልብስ ይይዛል ልጄ፤ ይቺ ለስላሳ ናት። ስታብብ ደግሞ ከቅጠሉ በላይ ረጅም ዘንግ ታወጣለች፤ ጫፉ ላይ ሁለት ሁለት ሆነው እንደ ጣት ይንጠለጠላሉ።" ገበያ ላይ ማንም ያልፈታልኝን በአንድ ደቂቃ ፈቱት።

ቀጥለው ከመሐል አንድ እግር፣ ከአጥሩ ጥግ አንድ እግር ነቀሉ። የጥጉ ሥር ላይ እንደ ጤፍ እንጎቻ ፍርፋሪ የሚመስሉ እባጮች ተደርድረዋል። አንዱን በጥፍራቸው ሰነጠቁት፤ ውስጡ ሮዝ፣ እንደ ሥጋ ነው። የመሐሉ ሥር ባዶ ማለት ይቻላል። "ይቺ በእነዚህ እባጮች ማዳበሪያዋን ራሷ ትሠራለች። አንቺ አብልተሻት ሥራዋን ተወች።" ተማርኩ ብዬ የማስብ ሰው ነኝ፤ ያን ጠዋት ግን ዝም አልኩ።

ትእዛዛቸው አጭር ነበር፦ ዩሪያውን አቁሚ፣ ቅጠሉ ጠውለግ እስኪል ውኃ አትስጪ። ሌላ የለም። ከዚያ የሐረጉን ጫፍ ጫፍ ቆርጠው አንድ ቅርጫት ለጋ ቅጠል ሰጡኝ። ይበላል! እንደ ጎመን ከትፌ በሽንኩርት ቀቅዬው፣ ኩርኩፋ (የበቆሎ ዱቄት ድብልብል) ላይም ጨምሬው ነበር፤ ከጎመን ለስለስ ይላል፣ ትንሽ የባቄላ እሸት ሽታ አለው። የሙሉ ቀን ስከፍላቸው ግማሹን መለሱ። "ግማሽ ቀን ነው የቆየሁት።" የኮንሶ እርከን በ2011 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመዘገበው ያለ ነገር አይደለም፤ ከዚያ ድንጋይ መሐል ያደገ ሰው መሬት ሲያይ ሌላ ነው።

ሰኔ አጋማሽ ላይ አበባ መጣ። ጠዋት ይከፈታል፣ እኩለ ቀን ሳይደርስ ይከደናል። ከአበባው ጋር ግን ጉንዳን መጣብኝ፣ ዘንጉን ሁሉ ወረሰው። መርጫ ተበድሬ ስደውልላቸው "እንዳትረጪ!" ብለው በእግራቸው መጡ። አበባው ሥር ጣፋጭ ፈሳሽ ታወጣለች፣ ጉንዳኑ እሱን ሊልስ ነው የሚመጣው፣ እግረ መንገዱንም ሌላውን ነፍሳት ያባርርላታል። ብቻ ቅጠሉን እየገለበጡ ክሽክሽ (የተክሉን ፈሳሽ የምትመጥ ትንሽ ነፍሳት) ፈለጉ፤ ክሽክሽ ቢኖር ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፣ ጉንዳኑ እሱን ነው የሚጠብቀው። አልነበረም። መርጫውን ሳልከፍተው መለስኩ። ለዚያ ቀን ቡና እንጂ ገንዘብ አልተቀበሉኝም።

ሐምሌ ላይ ሦስት ጊዜ ለቀምን፤ ሁሉም በአንዴ አይደርስም፣ እንደደረቀ ነው የሚለቀመው። ከሦስት ኪሎ ተኩል ትንሽ አለፈ። ያን ሁሉ ቅጠል ላየ ጥቂት ነው፤ ለዚያች መሬት ግን አላማም።

አሁን ዋናው ነቀዝ ነው። ነቀዝ ጎተራ የሚጠብቅ ይመስለኝ ነበር፤ እናቱ ግን ገና ማሳ ላይ እያለ ነው እንቁላሏን የምትጥለው። ፍሬው ላይ የተጣበቁ ነጭ ነጥቦች አሳዩኝ፤ እኔ አፈር መስሎኝ ነበር። ሙቀቱ እንዲገድለው ጥቁር ላስቲክ አንጥፈን ፍሬውን በስሱ አሰጣነው፣ ከላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ አልብሰን ዙሪያውን በድንጋይ ያዝነው። የአርባ ምንጭን የቀትር ፀሐይ ታውቋታላችሁ፤ እጄን ሰድጄ ቶሎ አወጣሁ። ሲበርድ በደረቁ ሃይላንዶች እስከ አፋቸው ሞልተን ግጥም አድርገን ከደንን፤ አየር ካጣ ነቀዙ አይቆይም። ለዘር የምትሆነውን ግን ለብቻ በአመድ አሽተው አስቀመጡልኝ።

ለፍልሰታ የቤይሩቷን ሠራኋት። ማታ መዘፍዘፍ አያሻትም፤ አዲስ ስለሆነች ሦስት ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። ሽንኩርት በዘይት፣ ቆስጣ ከነግንዱ፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንብላል ቅጠል፣ መጨረሻ ላይ ሎሚ። በእንጀራ ትሄዳለች፤ እማዬ ግን በርበሬ የሌለበት ወጥ አይገባትም፣ ጎኗ ላይ አዋዜ አስቀመጠች። ፎቶውን አትላንታ ላለችው የአክስቴ ልጅ ስልክላት "እዚህ እኮ ጃንዋሪ 1 ለዕድል ብለው ከሩዝ ጋር ይበሏታል" አለችኝ። ከአፍሪካ በባርነት ከተጫኑት ጋር ነው የተሻገረችው።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። ለጓሮ አትክልት፣ ለእርከን፣ ለፍራፍሬ ጉድጓድ፣ ምን እንደዘራችሁ ግራ ለገባችሁ ሁሉ ዓይኔን ሳላሽ እጠቁማቸዋለሁ። ሣር ማስተካከልና ጽጌረዳ መከርከም ከፈለጋችሁ ግን ሌላ ሰው ጥሩ፤ የእኔን ሣር ያጨዱበት ቀን ግቢው የተቆረጠ ፀጉር መስሎ ነው የዋለው፣ ደስም አላላቸውም። ስልካቸው ብዙ ጊዜ ዝግ ነው፤ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ ሞክሩ። ዋጋቸውን እኔ አልናገርላቸውም፤ ብቻ አትከራከሯቸው፣ ከሚገባቸው በላይ አይጠይቁም።

ቁጥራቸውን ጠይቄ "ስጪ" ብለውኛል፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። መስከረም ውስጥ ለሁለተኛው ዝናብ እኔ ጋ ይመጣሉ፤ ያን ሳምንት አትያዙብኝ። በአመድ ካስቀመጡት ዘርም ለአራት ሰው አንድ አንድ ሲኒ ይተርፋል፤ ቀድሞ የጻፈ ይወስዳል፣ ዩሪያ አይጨመርበትም።