ኢንሹራንስ ለምታድሱ ሁሉ፣ አንዲት ወኪል ልጠቁማችሁ

ጤና ይስጥልኝ። ገርጂና አካባቢው መኪና ያላችሁ፣ አንዲት እህታችንን ላመሰግን ነው። የኢንሹራንስ ወኪል ናት።

የቪትዝ መኪናዬ ሙሉ ኢንሹራንስ ሊያልቅ ሲል የሥራ ባልደረባዬ ወደ እሷ ላከኝ። ዋጋ ከመንገሯ በፊት አሮጌውን ውል ጠየቀችኝ። ረጋ ብላ አነበበችው። ከዚያ የመኪናው ግምት የተጻፈበት ላይ ጣቷን አሳርፋ፣ "ዛሬ በዚህ ዋጋ ይሸጡልኛል?" አለችኝ።

እንኳን ልሸጠው! ግምቱ የተጻፈው ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በፊት ነው። ከዚያ ወዲህ የመኪና ዋጋ የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። ውሉ ግን በየዓመቱ በዚያው ግምት ሲታደስ ነበር፤ "ይስተካከል" ያለኝ ሰው አልነበረም።

ጉዳቱን በወረቀት ላይ አስልታ አሳየችኝ። ገበያ ላይ 2,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና ውሉ ላይ 1,000,000 ከተባለ፣ ኩባንያው የሚክሰው የጉዳቱን ግማሽ ነው። ጥገናው 200,000 ብር ቢፈጅ የሚታሰብላችሁ 100,000 ነው፤ ከዚያም ላይ ኤክሰሱ (በየጉዳቱ ከራሳችሁ የምትችሉት ድርሻ) ይቀነሳል። ሌላው ከኪሳችሁ። እባካችሁ ዛሬውኑ ውላችሁን አውጡና ይህን ቁጥር እዩት።

ግምቱ ሲስተካከል አረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የምከፍለው ገንዘብ) ጨመረ። አልደበቀችኝም። "ሌላም ኩባንያ ጠይቁና አወዳድሩ፤ ስታወዳድሩ ግን ኤክሰሱንም እዩ" አለችኝ። የአንድ ኩባንያ ወኪል መሆኗን፣ ኮሚሽኗንም የሚከፍላት ኩባንያው እንደሆነ ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ። እኔ በዚህ ነው ያመንኳት።

ደግሞ ማን ማን እንደሚነዳው ጠየቀችኝ። ታናሽ ወንድሜ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ነው። ለጀማሪ ሹፌር በውሉ ላይ ተጨማሪ ኤክሰስ እንዳለ ያወቅኩት ያኔ ነው። ስፖኪዮ ቢሰረቅስ? እሱም በተጨማሪ ክፍያ ካልተገባ በእኔ ውል አይሸፈንም። ይህን ሁሉ ሳልፈርም በፊት ማወቄ ትልቅ ነገር ነው።

በቅርቡ መገናኛ ላይ አንድ ሚኒባስ ከኋላ ገጨኝ። ደወልኩላት። "እርስዎ ደህና ነዎት?" አለች መጀመሪያ። ከዚያ ትራፊክ ፖሊስ እንድጠራ፣ ፎቶ እንዳነሳ፣ መንገድ ላይም በቃል እንዳልስማማ ነገረችኝ። በማግስቱ የጉዳት ማሳወቂያውን ቅጽ አብረን ሞላን። ጋራዥ እስኪገባ ድረስ የምትከታተለው እሷ ነበረች። ሸጦ የሚጠፋ ወኪል ስንት አለ መሰላችሁ። እህቴ፣ እግዚአብሔር ያክብርሽ!

ለቦሎ የሚጠየቀው ሦስተኛ ወገን (በሌላ ሰው ላይ ለምታደርሱት ጉዳት የሚከፍለው ኢንሹራንስ) ብቻ ያላችሁም አማክሯት። እሱ የራሳችሁን መኪና እንደማያስጠግን አትርሱ።

ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ሊብሬያችሁንና አሮጌውን ውል ያዙ፣ ያለ እነሱ ዋጋ አትነግራችሁም።